የእማዬን ቤት የመጠጥ ውሃ መስመር ስቀይር የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ዛሬ የጓሮውን ቧንቧ ፈታሁት። ነገሩን የጀመርኩት በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ልጁ አራተኛ ወሩን ይዟል። እህቴ ወደ ሥራ ልትመለስ ስለሆነ ቀን ቀን እማዬ ጋ ሊውል ነው። በጡቱ ላይ የጣሳ ወተት ተጨምሮለታል፤ ዱቄቱ የሚበጠበጠው ደግሞ በዚህ ቤት ውሃ ነው። እማዬ ውሃውን አፍልታ፣ አቀዝቅዛ ነው የምትሰጠው። እኔን ያሳሰበኝ ማፍላት የማያጠፋው ነገር ነው፤ ከቧንቧ ዕቃ ወደ ውሃ የሚገባው እርሳስ የሚባለው ብረት።

ቤታችን ደሴ፣ ጦሳ ግርጌ ነው። መስመሩን ያስዘረጋው አባዬ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ከቆጣሪው እስከ ማድቤት በሜትር ለካሁት፤ 18 ሜትር ነው። ቧንቧው ግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። መገጣጠሚያዎቹ ግን ድብልቅ ናቸው። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር የተገኘው ሲገባ ኖሯል። የጋልቫናይዝድ ኤልቦ (መታጠፊያ) አለ፣ የናስ ኒፕል (አጭር ማገናኛ) አለ፣ ምን እንደሆነ ያለየሁት ግራጫ ነገርም አለ። ሁሉንም ስቆጥር 14 የብረት መገጣጠሚያ ሆነ።

መጀመሪያ የፈታሁት ኤልቦ ውስጡ በዝገት ጠብቦ እስክሪብቶ እንኳ በጭንቅ ነው የሚያሳልፈው። ቀጥሎ ያለው የናስ ጌት ቫልቭ (የውሃ መዝጊያ) ግን የባሰ ነገር አሳየኝ። ከውጭ ሲታይ ቢጫ ነው፣ ደህና ይመስላል። በመጋዝ ስሰነጥቀው ውስጡ ወደ መዳብ የሚያደላ ሮዝ ቀለም ይዟል። በጥፍሬ ስፍቀው ይፈረፈራል። ናስ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠራ ነው። ውሃው ዓመት ሙሉ ሲያልፍበት ዚንኩን እየሟሟ ይወስደዋል፤ የሚቀረው መዳብ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ናሱ ሲበላ ደግሞ ውስጡ ያለው እርሳስ አብሮ ወደ ውሃው ይገባል።

ጥገና ብቻ አስቤ ነበር። ቫልቩን ካየሁ በኋላ መስመሩን በሙሉ ለመቀየር ወሰንኩ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ቡና ላይ ለእማዬ ነገርኳት። "እርሳስማ ልጆች የሚጽፉበት አይደል እንዴ? እናንተ ስታኝኩት አልነበር ያደጋችሁት!" አለችኝ። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያስበው፤ በቋንቋችን ሁለቱም አንድ ስም ነው ያላቸው። ልጆች የሚጽፉበት ውስጡ ግራፋይት ነው፤ የከሰል ዘመድ ነው፣ አይመርዝም። እኔ የምለው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባዱን ብረት ነው።

ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ማፍላት አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ እርሳሱ ባለበት ይቀራል። የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም ጀርም ነው የሚገድለው፤ እርሳስን አይነካውም። ትንሽ ልጅ ከሚውጠው እርሳስ ውስጥ ሰውነቱ የሚያስቀረው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። የሚጎዳው ደግሞ እያደገ ያለውን አንጎሉን ነው። አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ከዚያ በታች ያለው ምንም አያደርግም ማለቱ ግን አይደለም።

እማዬ ሲኒዋን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። ከዚያ "እንግዲያው ልጁ ሳይመጣ ጨርሰው" አለች። ልጁ የሚመጣው መጋቢት መጀመሪያ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ፒያሳ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ስድስቱን አዳረስኩ። ሁሉም ጋ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ይህ ናስ እርሳስ አለው ወይ? የሁሉም መልስ "ኦርጅናል ነው" የሚል ነበር። ሻጮቹን አልፈርድባቸውም። ዕቃው ሲመጣላቸው ከምን እንደተሠራ የሚገልጽ ወረቀት አብሮ አይመጣም። ግን "ኦርጅናል" ለእኔ ጥያቄ መልስ አይደለም። ኦርጅናል የሆነው ናስ ራሱ እርሳስ አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። እርሳስ ናስ ውስጥ የሚገባው ለማጭበርበር አይደለም። የመጠምዘዣ ጥርስ ሲወጣለት ማሽኑ በቀላሉ እንዲቆርጠው፣ ፍርፋሪውም እየተሰባበረ እንዲወድቅ ሆን ተብሎ ነው የሚጨመረው። አንዱ መደብር ውስጥ ሲደብሊው 617 ኤን የሚል ምልክት የተመታበት ቦል ቫልቭ አገኘሁ። የአውሮፓ የናስ መለያ ነው። ከ1.6 እስከ 2.5 በመቶ እርሳስ አለው። ጠንካራ ናስ ነው፤ ለጓሮ አትክልትና ለልብስ ማጠቢያ እኔም ደስ ብሎኝ እገዛዋለሁ።

ሌላው መደብር "ይሄኛው አይበላም" ብሎ ዲ ዜድ አር የሚል ምልክት ያለበት አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ዚንኩ ታጥቦ እንዳይወጣ ተደርጎ የተቀላቀለ ናስ ነው። የተለመደው ዓይነት ሲደብሊው 602 ኤን ይባላል። ነገር ግን እሱም ከ1.7 እስከ 2.8 በመቶ እርሳስ አለው። አለመበላቱ አንድ ነገር ነው፣ እርሳስ የሌለው መሆኑ ሌላ።

እኔ የምፈልገው ሲደብሊው 510 ኤል ወይም ሲደብሊው 511 ኤል የሚል ነው። የእነዚህ እርሳስ ከ0.2 በመቶ አይበልጥም። ስድስቱም ጋ የለም። በእንግሊዝኛ "ከእርሳስ ነፃ" የሚል ካርቶን ያለው አንድ ቧንቧ ነበር፤ ምርቱ የቆየ ስለሆነ ተውኩት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 መጀመሪያ ድረስ 8 በመቶ እርሳስ ያለው ዕቃ በሕግ "ከእርሳስ ነፃ" ተብሎ ይሸጥ ነበር። አሁን ውሃ የሚነካው ገጽ በአማካይ ከ0.25 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ያንን ቃል ያለበት ካርቶን ሳገኝ ዓመቱን አያለሁ።

ፍሌክሲብል ቱቦዎቹንም አየሁ። ከላይ የተጠለፈው ሽቦ ያብረቀርቃል፣ ስቴንለስ ነው። ውሃው ግን ሽቦውን አይነካውም። የሚነካው ከውስጥ ያለውን ጎማና ጫፍ ላይ ያለውን ናስ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ዕቃ ሳነሳ መጀመሪያ ውስጡን ነው የማየው።

ማክሰኞ ማታ፣ የካቲት 11

የማድቤቷን ሚዛን አውጥቼ ሙከራ አደረግኩ። ይህን ማንም ቤቱ ሆኖ ሊሠራው ይችላል።

ዕቃውን መጀመሪያ በደረቁ መመዘን ነው። ከዚያ ውሃ የያዘ ጣሳ ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ። ዕቃውን በክር አንጠልጥሎ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ማጥለቅ፣ ግን ታች እንዳይነካ። አየር እንዳይዝ ነቅነቅ ማድረግ። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ቁጥር ዕቃው የገፋውን ውሃ ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ማካፈል። ናስ ከሆነ 8.4 አካባቢ ይሰጣል። ርካሽ ቧንቧ የሚቀለጥበት የዚንክ ቅልቅል ከሆነ 6.7 አካባቢ።

ሚዛኗ ከአንድ ግራም በታች ስለማታነብ ሦስት ተመሳሳይ ኤልቦ አንድ ላይ አንጠለጠልኩ። በደረቁ 276 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 33። ሲካፈል 8.36። ናስ ነው። ከዚያ ባለፈው ዓመት የተገጠመውን፣ ክሮም የተቀባውን የማድቤት ቧንቧ ፈትቼ እጀታውን አወጣሁና አካሉን መዘንኩት። 168 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 25። 6.72። "ድፍን ናስ" ተብሎ የተሸጠልን የዚንክ ቅልቅል ነው። በመርፌ ጫር ሳደርገው ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ ናስ ቢሆን ቢጫ ይወጣ ነበር።

ይህ ሙከራ የማይመልሰው ነገርም አለ። ናስን ከዚንክ ይለያል እንጂ እርሳስ ያለውን ናስ ከሌለው አይለይም። የሁለቱ ክብደት በጣም ይቀራረባል። በዓይን፣ በእጅ፣ በማግኔት፣ በማድቤት ሚዛን የሚለይ ነገር አይደለም።

ሳልተኛ አንድ ስሌት ሠራሁ። አንዱ ኤልቦ 92 ግራም ነው። 2 በመቶ እርሳስ አለው ብንል 1.8 ግራም ግድም ነው። አንድ ግራም እርሳስ 100 ሺህ ሊትር ንጹሕ ውሃን የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን ላይ ያደርሰዋል። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ አሥር ማለት ነው። በእርግጥ ኤልቦው ውስጥ ያለው ሁሉ አይወጣም፤ አብዛኛው እዚያው ተቀብሮ ይኖራል። ግን ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚበቃ ሳስብ እንቅልፌ ራቀ።

ለቅያሪው የማምንበት መንገድ እንደዚህ ነው። ቧንቧው ፒፒአር የሚባለው፣ በሙቀት የሚበየደው ፕላስቲክ ይሆናል። የብረት መገጣጠሚያ ቁጥሩ የተቻለውን ያህል ይቀንሳል። ብረት ግድ በሆነበት ቦታ ስቴንለስ ይገባል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። 25 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው፤ ደሴ የደረብኩትን ሹራብ ግን ገና ሳልደርስ አወለቅኩት። ማግኔት ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ።

ስቴንለስ ላይ ማግኔት የሚነግረው ግማሹን ነው። ጥብቅ አድርጎ ከሳበ 430 የሚባለው ርካሹ የስቴንለስ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አልፈልገውም። ካልሳበ 304 ሊሆን ይችላል፣ 201ም ሊሆን ይችላል። 201 ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካ ነው፤ ከ304 ፈጥኖ ይዝጋል። ሁለቱንም ማግኔት አይስባቸውም። ስለዚህ ምልክቱን መፈለግ ግድ ነው። በቅልጥ የተሠራ ቫልቭ ላይ ደግሞ የሚጻፈው ሲኤፍ 8 ነው፤ የ304 ወንድም ነው። ሲኤፍ 8 ኤም ከሆነ የ316። ቅልጡ ማግኔት ትንሽ ቢስብ አያስደነግጥም፣ ተፈጥሮው ነው።

ሦስተኛው መደብር ሲኤፍ 8 የተመታበት ግማሽ ኢንች ቦል ቫልቭ አለው። ውስጡን በስልኬ መብራት አየሁት። ኳሱም ስቴንለስ ነው፣ መቀመጫው ነጭ ቴፍሎን። ሁለት ገዛሁ። ኤስ ዩ ኤስ 304 የሚል የማድቤት ቧንቧም አገኘሁ፤ ክሮም ያልተቀባ፣ ፈዘዝ ያለ መልክ ያለው። ዋጋው የናሱን እጥፍ ግድም ነው። ሻጩ "ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው የለም፣ ሰው የሚወደው የሚያበራውን ነው" አለኝ። ለምን እንደምፈልገው ስነግረው የራሱ ቤት ውስጥ ያለውን ጠየቀኝ። ማግኔቴን ተውኩለት።

እሑድ፣ የካቲት 16

የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ከአባዬ ጋር ይህን መስመር የዘረጋውም እሱ ነው። መስመሩን ተከትሎ ሄደና "ወላሂ ብዙ ቆየ። ዕድሜውን ጨርሷል" አለ።

በአንድ ነገር ተከራከርን። ጋሼ ጥርስ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ በላዩ ቀይ አንቲረስት መቀባት ነው የለመደው። አይፈስም፤ በዚህ አልከራከረውም። ግን ለበር ብረት የተሠራ ቀለም ለሚጠጣ ውሃ የተሠራ አይደለም፤ ቀዩ ዓይነት ደግሞ ድሮ ከእርሳስ ኦክሳይድ ነበር የሚቀመመው። ቆርቆሮው ላይ ምን እንዳለበት ካልተጻፈ ጥርስ ላይ አይገባም አልኩ። "እኔ 30 ዓመት በዚህ ነው የሠራሁት ልጄ" አለኝ። "ጋሼ፣ ለእርስዎ ሥራ ብዬ ሳይሆን ለሕፃኑ ብዬ ነው" አልኩት። ትንሽ አሰበና "እሺ፣ ቴፍሎን ይሁን። ግን ወፈር አድርገህ ጠምጥም" አለ። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ሲጠብቅ እንደሚነክስና ከዚያ በኋላ እንደማይፈታ የነገረኝም እሱ ነው። ቴፍሎኑ ለዚያም ይጠቅማል።

ንድፉን አብረን ሳልን። ከ14 የብረት መገጣጠሚያ ወደ 5 ወረደ። የፒፒአር መታጠፊያዎች ራሳቸው ፕላስቲክ ስለሆኑና ቀልጠው ስለሚጣበቁ ብረት አያስፈልጋቸውም። ጥርስ ያላቸው አዳፕተሮች ግን ውስጣቸው የናስ ቀለበት አለ፤ ኒኬል ስለተቀባ ብር ይመስላል። ቧንቧው ፕላስቲክ ስለሆነ ብቻ ከናስ ተገላገልን ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ጥርስ ያለበትን ቦታ መቀነስ ላይ የተጨነቅኩት።

ጋሼ አንድ ነገር ጨመረ። ስቴንለሱን ከቆጣሪው ከሚወጣው አሮጌ ጋልቫናይዝድ ጋር በቀጥታ እንዳላገናኝ። ሁለቱ ውሃ ውስጥ ሲነካኩ ጋልቫናይዝዱ ይበላል። መሐላቸው ላይ ፒፒአር ይገባል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

የሥራው ቀን። ልንቆርጥ ስንል ጋሼ እጄን ያዘኝ። የድሮው ቧንቧ ላይ ከሻወር ማሞቂያው የሚመጣ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ታስሮበታል። አርዝ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ። መስመሩ ብረት ሆኖ መሬት ውስጥ ስለገባ እንደ አርዝ ሲያገለግል ኖሯል። ፕላስቲክ ስናደርገው አርዙ ይቋረጣል፤ ማሞቂያው ከተበላሸ ሰው ሊይዝ ይችላል። የመብራቱን ቆጣሪ አጥፍተን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራን። ለብቻው የአርዝ ዘንግ እስኪቀበር ድረስ ግማሽ ቀን አለፈ። የብረት ቧንቧ በፕላስቲክ የሚቀይር ሰው ሁሉ ይህን ሽቦ ቀድሞ ይፈልገው። ከዚህ ማስታወሻ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ካለ ይህን ቢይዝልኝ እወዳለሁ።

ከሰዓት በኋላ ብየዳው ቀና። መበየጃው 260 ዲግሪ፣ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ 5 ሴኮንድ ማሞቅ፣ በ4 ሴኮንድ ውስጥ ማጋጠም፣ 2 ደቂቃ ሳይነኩ መተው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አስረዝሜ አሞቅኳቸው። ስቆርጣቸው ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ መንገዱን አጥብቦታል። ጣልኳቸው፣ እንደገና ሠራሁ።

አንድ አዳፕተርም ሰነጠቅኩ። ቫልቩን በትልቁ የቧንቧ ቁልፍ አንድ ዙር አበዛሁበት። ጠዋት ብርዱ ላይ ሲወድቅብኝም ነበር፤ ፒፒአር ብርድ ላይ ይሰባበራል። ጋሼ "በእጅ እስኪያቅትህ፣ ከዚያ በቁልፍ አንድ ዙር ተኩል፣ በቃ" አለኝ።

ግድግዳው ላይ በፀሐይ የሚውለውን ክፍል በአሮጌ ቱቦ ሸፈንነው። ፀሐይ ፒፒአርን ያደርቀዋል።

እሑድ፣ የካቲት 23

የዓድዋ በዓል ነው፤ መደብር ዝግ ነው፣ ውሃ ግን ዛሬ ተራችን ነው። ማጣሪያ ወንፊቱን ከቧንቧው አፍ ላይ አውልቄ ማታ የመጣውን ውሃ ለሩብ ሰዓት ለቀቅኩት። የዝገት ፍርፋሪ፣ የፒፒአር ፍቅፋቂ፣ የቴፍሎን ቁራጭ ወጣ። ወንፊቱ ተገጥሞ ቢሆን ይህ ሁሉ እዚያ ይጠራቀም ነበር።

በፈረቃ የሚመጣ ውሃ አንድ ችግር አለው። መስመሩ ውስጥ ለቀናት ቆሞ ይቆያል። ውሃ ከብረት ጋር በቆየ ቁጥር ብዙ ይወስዳል። ስለዚህ ውሃው ሲመጣ የመጀመሪያውን መጠጣት አይገባም። ምን ያህሉን? ይህን ማስላት ቀላል ነው። አዲሱ ቧንቧ ውስጡ 13.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሜትር 0.137 ሊትር ይይዛል። በ18 ሜትር 2.5 ሊትር ግድም። የድሮው 3.6 ሊትር ይይዝ ነበር። ለጥንቃቄ ብዬ የ5 ሊትር ጀሪካን አስቀመጥኩ። ውሃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እሱ ይሞላል፤ ለቤት ማጠቢያና ለአበባው ይሆናል፣ አንድ ጠብታ አይባክንም። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ነው ለልጁ የሚቀዳው። ደግሞ ሁልጊዜ ከቀዝቃዛው፤ ሙቅ ውሃ ብረትን የበለጠ ያሟሟል። ከማሞቂያው ቀድቶ ወተት መበጥበጥ አይገባም።

እማዬ ጀሪካኑ ላይ በማርከር "የማይጠጣ" ብላ ጻፈችበት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ሳምንት ሆነው። አምስቱንም መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት እየዳበስኩ አየሁ። አንዱ ብቻ ያልባል፤ ሩብ ዙር ጨመርኩለት፣ ቆመ። አሮጌውን ናስ ቆራሌው ሊወስድ መጥቶ ነበር። ሮዙን ቫልቭ ግን አልሰጠሁትም። ጋሼ ለሌሎች ደንበኞቹ ላሳይበት ብሎ ወስዶታል።

የቀረ ሥራ አለ። ከቆጣሪው የሚወጣው 60 ሴንቲ ሜትር ጋልቫናይዝድና አንድ የናስ ኒፕል የእኔ አይደሉም፤ ቆጣሪውን ያስገባው አካል ነው የሚነካቸው። ማመልከቻ ጽፌያለሁ፣ ሰኞ አስገባለሁ። እስኪቀየር ድረስ ጀሪካኑ ቦታው ላይ ይቆያል። ልጁ የሚመጣው ረቡዕ ነው።